ከጠረጴዛው ሥር የተገለበጠው መጋዝ

ጥቅምት 6 ቀን

ወንድሜ፣

ሦስት ወር ሙሉ ዝም ማለቴን ኩራት ነው ብለሃል። አይደለም። ወረቀት ፊቴ ባስቀመጥኩ ቁጥር ቀድመህ የምትጠይቀኝን ነገር ስለማውቀው ነው። ይኸው ሳልጽፍልህም ጠየቅከኝ። ይቅርታ ሳልልህ ግን አላልፍም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ስትወጣ ያምጽባታል። እናንተ ካምፕ ስልክ እንደማይሠራ ለጎረቤት ስትነግር "አገር ለአገር የመብራት ገመድ የሚዘረጋ ሰው ለእናቱ መደወል አቃተው" እያለች ትስቃለች። ሳቋ መሃል ላይ ትንሽ ቅያሜ አለባት፤ ለእሷም ለብቻዋ ጻፍላት።

አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው። የምሠራው ባለ ሽቶው ዘንድ ነው። አባዬ ሦስት ጣቱን ትቶ በወጣበት በዚያው እንጨት ቤት፣ በዚያው በር እየገባሁ። ሰውየው ዛሬም ያው ነው፤ መጀመሪያ ሽቶው ይገባል፣ ቀጥሎ እሱ። ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ የቀጠረኝ ከመሰለህ ተሳስተሃል፤ አሳምሮ ያውቃል። የቀጠረኝም ለዚሁ ነው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ትከሻዬን መታ መታ ያደርግና፣ "የዚህች አባት እኔ ዘንድ ነበር። ቸልተኛ ነበር፣ በቸልተኝነቱ ጣቱን አጣ። እኔ ግን ልጁን ሜዳ ላይ አልጣልኳትም" ይላል። ደንበኞቹም ይመርቁታል። እኔም ፈገግ እላለሁ። ያን ፈገግታዬን ብታይ እህቴ ናት አትልም።

ለምን እንደገባሁ ዛሬ አልነግርህም።

ይልቅ አንድ ወሬ ልንገርህ። ያ ትልቁ የጠረጴዛ መጋዝ፣ የአባዬን እጅ የበላው፣ ባለፈው ወር ሞተሩ ተቃጠለ። ቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢዎች ጎትተው መኪና ላይ ሲጭኑት ቆሜ አየሁ። የምጠላው ሰው የልቤን ሳልነግረው የሞተብኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ባለ ሽቶው በምትኩ አዲስ አልገዛም አለ። የሆነ ቦታ ያየው ነገር አለ፤ በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ ጣውላ የሚሰነጥቀውን የኤሌክትሪክ የእጅ መጋዝ ገልብጦ ከጠረጴዛ ሥር ማሰር፣ ምላጩን በስንጥቅ ወደ ላይ አውጥቶ እንደ ጠረጴዛ መጋዝ መጠቀም። "አንቺ ትሠሪዋለሽ" አለኝ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት። "እጅሽ የአባትሽ እጅ ነው። ጣትሽ ብቻ የአባትሽ እንዳይሆን!"

ሁሉም ሳቀ። ቀለም ቀቢው ብቻ፣ የአባዬ ጓደኛ፣ ታስታውሰዋለህ፣ ብሩሹን ቫርኒሽ ውስጥ እንደነከረ ቀረ። እኔም ሳቅሁ።

ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የዚህ መጋዝ ቃታ በጣት ካልተጫኑት ይቆማል። ተገልብጦ ጠረጴዛ ሥር ከታሰረ ደግሞ ማንም ጎንበስ ብሎ አይጫነውም። ሳይነኩት እንዲዞር እንዴት ላድርገው?

ሌላም አለ። ያን ቀን አንተም እዚያ ትሠራ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አልጠየቅኩህም። ሲሆን ማን ማን ነበር?

እህትህ


ጥቅምት 19 ቀን

እታለሜ፣

ደብዳቤሽን ያመጣው የስንቅ መኪናው ሹፌር ነው። እኔ ምሰሶ ጫፍ ላይ ነበርኩ፤ ከታች ሆኖ ፖስታውን ሲያውለበልብልኝ መታጠቂያዬን ሳልፈታ ልወርድ ምንም አልቀረኝም። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም፤ ራሴን አሞኛል አልኳቸው።

ለእማዬ ለብቻዋ ጽፌያለሁ፣ አብሮ ይደርሳል። ጉልበቷን በሞቀ ውሃ ትያዘው።

ከዚያ ቤት ውጪ። እለምንሻለሁ። እንጨት ቤት ሞልቷል፤ እጅሽን የሚያውቅ ማንም ይቀጥርሻል። ሰው አባቱ የወደቀበትን ጉድጓድ ሄዶ አፋፉ ላይ አይቀመጥም።

የጠየቅሽኝን ግን እመልሳለሁ፣ አለዚያ የማይረባ ሰው ትጠይቂያለሽ። ቃታውን በጠፍር አጥብቀሽ ማሰር ትችያለሽ፤ ግን ያን ብቻ አድርገሽ በፍጹም እንዳታቆሚ። መጋዙን በቀጥታ ግድግዳ ላይ እንዳትሰኪው። ከጠረጴዛው ፊት ለፊት፣ ጭንሽ በሚደርስበት ቦታ፣ ሌላ ማብሪያ ማጥፊያ አድርጊ፤ ማጥፊያው ቀይ፣ ትልቅ፣ በጭንሽ ገፋ ስታደርጊው የሚያጠፋ። ዓይነቱም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በራሱ የማይነሳ ይሁን። ሥዕሉን ከጀርባ ሠርቼልሻለሁ። ምላጩን የሚሸፍን መከለያ አድርጊበት። ከምላጩ ጀርባም ያቺን ቀጭን መለያያ ብረት አትርሺ፤ የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ምላጩን እንዳይነክሰው የምትጠብቀው እሷ ናት። ስለ ሁለቱ ምንም አለመጠየቅሽ ገርሞኛል። አባዬ መጀመሪያ ያስተማረን እነሱን ነበር።

ስለዚያ ቀን... ብዙ ሰው ነበር። ጊዜውም ሄዷል። በደንብ አላስታውስም።

ወንድምሽ


ኅዳር 2 ቀን

ወንድሜ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ይድረስህ። እማዬ ደብዳቤህን ትራሷ ሥር አድርጋዋለች። ጉልበቷም በሞቀ ውሃ ተሽሏታል፤ "ልጄ ሐኪም ሆኗል" ትላለች።

አላስታውስም ማለትህን አነበብኩ። እሺ።

ጠረጴዛውን ጨርሼዋለሁ። አባዬ ቢኖር መዳፉን አንዴ ያሳልፍበትና ዝም ይል ነበር፤ የእሱ ምስጋና እንደዚያ ነበር። ላዩ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ሁለት ደርቤ በኮላ አጣብቄ ሁለት ቀን በሞርሳ አስጨንቄዋለሁ። መጋዙ የሚያርፍበትን ቦታ ከሥር በኩል በመሮ ቆፍሬ አሳሳሁት፤ አለበለዚያ ምላጩ ወደ ላይ የሚወጣው የጥፍር ያህል ነው። የመጋዙን የአሉሚኒየም መቀመጫ በአራት ብሎን ያዝኩት። ከዚያ መጋዙን አስነስቼ ቀስ ብዬ ወደ ላይ ገፋሁት፣ ምላጩ ራሱ መውጫውን ቆርጦ ብቅ አለ። ይህ መጋዝ ሲለቁት ምላጩን ወደ ውስጥ የሚመልስ ስፕሪንግ አለው፤ ሲገለበጥ ያው ስፕሪንግ ወደ ታች ይጎትተዋል። በእንጨት ሽብልቅ አስጨንቄ ባለበት አጸናሁት። የጸጉር ያህል አይነቃነቅም። ቀለም ቀቢው መጥቶ አየና "አባትሽ ነው የሠራው" አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አለቅስ ነበር።

አሁን ያልሠራሁትን ልንገርህ፤ ከአንተ በቀር የምነግረው የለኝም።

መለያያ ብረቷን አላስገባሁም። መከለያም የለውም። የአንተን ቀይ ማጥፊያ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው። ቃታውን በጠፍር አሰርኩና ገመዱን በጣውላው ክምር አዙሬ ከጀርባ ካለው ሶኬት ጋር አገናኘሁት፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ሮጦ የሚነቅለው ሰው ክምሩን መዞር አለበት። ጣውላው ተደግፎት የሚሄደውን መምሪያ ደግሞ ከኋላ በኩል አራት ሚሊ ወደ ምላጩ አስጠግቼዋለሁ። በዓይን አይታይም። ጣውላው ሲገፋ መንገዱ እየጠበበ ሄዶ በምላጩ ጀርባና በመምሪያው መሃል ይቀረቀራል። ተቀርቅሮ ምን እንደሚያደርግ ለአናጺ ልጅ አይነገርም። ተፈናጥሮ የሚመለሰው ወደ ገፋው ሰው ነው።

ኅዳር 28 የሆቴል ሰዎች ይመጣሉ፤ ለስልሳ ክፍል የሚሆን ቁምሳጥን ሊያዙ። ትልቅ ደንበኛ ሲመጣ የመጀመሪያውን ጣውላ የሚሰነጥቀው ሁልጊዜ እሱ ራሱ ነው። ኮቱን ያወልቃል፣ እጅጌውን ግን አይሰበስብም። "እኔም ሠራተኛ ነኝ" ይላል። እኔ አልነካውም። አልገፋውም። የታዘዝኩትን ጠረጴዛ ሠርቼ ከግድግዳው ጋር ቆሜ አያለሁ።

ለምን ገባሽ ላልከው መልሱ ይኸው ነው።

ጣቶቹን ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። ማሽን ያለበት ቤት ሰው ይጎዳል። አባዬ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የበላው፣ ማንኪያ ሲወድቅበት እንዳናይ። የሸሚዙን ቁልፍ እማዬ ነበረች የምትቆልፍለት። አርባ ዓመት የመጋዝ ሰው የነበረ ሰው መንገድ ላይ "ቸልተኛው" ተብሎ ተጠራ። ከዚያች ወረቀት የተነሳ ነው። "አደጋው የደረሰው በሠራተኛው በራሱ ቸልተኝነት ነው" የምትል፣ ሁለት ምስክር የፈረመባት። አንዱ የሞተው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጠባቂ ነው። ሁለተኛው ማን እንደሆነ ባለ ሽቶው ቁምሳጥኑ ውስጥ ቆልፎበታል። እሱንም አገኘዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አባዬ ሲቆረጥ ምን አለ? ይህን እንኳ አላስታውስም አትበለኝ።

እህትህ


ኅዳር 12 ቀን

እታለሜ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው፤ ሹፌሩ ሳይመለስ እንዲወስደው ቆሜ ነው የምጽፈው። ፊደሌ ከተበላሸ ይቅርታ።

መከለያውን የፈታሁት እኔ ነኝ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሰፋ ያለ ጣውላ መጥቶ ነበር፣ ከመከለያው ሥር አላልፍ አለ። ባለ ሽቶው "አውልቀው" አለኝ። አባዬ ገና አልገባም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ አለቃዬ ነው፣ አራቱን ብሎን ፈታሁና መከለያውን መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። አባዬ ገብቶ ሲያይ "ይሄ የት ሄደ?" አለ። ባለ ሽቶው "ዛሬ ቸኩለናል፣ ነገ ይመለሳል" አለው። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አባዬም ትንሽ ቆሞ አየኝና ሥራ ጀመረ።

በማግስቱ ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ባለ ሽቶው ወረቀቱን ይዞ መጣ። "የተፈታው በማን እጅ ነው?" አለኝ። "በእኔ" አልኩት። "እንግዲህ ጥፋቱ ወይ የአባትህ ነው ወይ የአንተ፤ ምረጥ" አለኝ። ለኤሌክትሪክ ትምህርት ቤቱም የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ አለ። ጻፈልኝም። ዛሬ የምበላው እንጀራ የዚያች ፊርማ ነው። ሁለተኛው ምስክር እኔ ነኝ።

አባዬ ያውቅ ነበር። ወረቀቱን አልጋው ላይ አምጥተውለት በግራ እጁ ሊፈርም ሲል ስሜን ከላይ አየው። ብዕሩን ይዞ ብዙ ቆየ። ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚያ ፈረመ። ካልፈረመ ጥፋቱ ወደ እኔ እንደሚዞር ገብቶት ነው የፈረመው። እስኪሞት አንዲት ቃል አላነሳብኝም። ቢሰድበኝ፣ ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ወደዚህ ሰው ወደሌለበት የመጣሁት ገመድ ልዘረጋ መስሎሽ ከሆነ አይደለም።

አሁን ስሚኝ። መምሪያውን አስተካክዪው። ለእሱ አዝኜ አይደለም፣ ዓይኑ ቢፈስስ ግድ የለኝም። ጣውላ ግን ሰው አይመርጥም። ከእሱ ጀርባ ማን እንደሚቆም ታውቂያለሽ? በቀል ካማረሽ ከእኔ ጀምሪ።

ከዚህ ጋር ሌላ ወረቀት አለ፣ ያየሁትንና ያደረግኩትን ሁሉ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። የፈለግሽውን አድርጊበት።

ወንድምሽ


ኅዳር 20 ቀን

ሰላምታ አልጽፍም።

ደብዳቤህን ኮላ ማቅለጫው አጠገብ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛው ላይ ኮላው አርሮ ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ቀለም ቀቢው መጥቶ አነሳልኝ።

አባዬ የፈረመው አንተን ሊያድን ነው። አንተም አሥራ አንድ ዓመት ዳንክ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲበላ አንተ በዓል በዓል እየመጣህ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር፣ ሥጋውን ቆርጠህ ታቀርብለት ነበር። እኔ በዚያ እወድህ ነበር። ያንን ነው ይቅር የማልልህ።

ጀርባው ማን ይቆማል ብለሃል። ዛሬ እሱ የሚቆምበት ቦታ ቆሜ አየሁት። ከጀርባ ያለው የቫርኒሹ ቦታ ነው። ጣውላው ባለ ሽቶውን ቢስት የሚያገኘው ቀለም ቀቢውን ነው፣ አባዬን እስከ መጨረሻው የጠየቀውን ብቸኛ ሰው። መምሪያውን አስተካከልኩ። መለያያ ብረቷን አስገባሁ፣ መከለያውን ሠራሁ፣ ቀይ ማጥፊያህን አሰርኩ። ለአንተ ብዬ አይደለም። ለባለ ሽቶውም ምሕረት አድርጌ አይደለም። ሳስበው ጣት ቢቆረጥበት ምን ይሆናል? ፍራፍሬ ተይዞ ይጠየቃል። "አይዞህ" ይባላል። እኔም ከሰው ጋር ሄጄ "አይዞህ" ልለው ነው። እንዲታዘንለት አልፈልግም።

ስለዚህ ወረቀትህን ይዤ የሥራ ደህንነት ቢሮ ሄድኩ። ተቆጣጣሪዋ ሸምገል ያለች፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ናት። አነበበችው፣ ገልብጣ ጀርባውን አየችው፣ መለሰችልኝ። "ወረቀት እሱም አለው፣ ያውም በሁለት ምስክር" አለችኝ። "የፈረመው ሰው መጥቶ በአፉ ይናገር። የቆየ ጉዳይ በወረቀት ብቻ አልከፍትም፤ ሰውየው ፊት ለፊቱ ቆሞ ከተናገረ ግን እከፍተዋለሁ።"

ኅዳር 28፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። እሱ ባለበት፣ ሠራተኛው ባለበት፣ የሆቴሉ ሰዎች ባሉበት። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? ካልመጣህ ከእንግዲህ አትጻፍልኝ፣ እህትም የለህም።


ኅዳር 25 ቀን

እህቴ፣

ፈቃድ ከለከሉኝ። እመጣለሁ። የስንቅ መኪናው ላይ ተጭኜ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ይህ ደብዳቤ ምናልባት ከእኔ ግማሽ ቀን ቢቀድም ነው፤ የምጽፈው ፊት ለፊት ልነግርሽ ስለማልችል ነው። አውቶቡስ ተራ አትምጪ። ለእማዬም አትንገሪያት፤ እኔው እነግራታለሁ፣ አቅም ካገኘሁ።

እፈራለሁ። ያሳስሩኛል ወይ ብዬ የጠየቅኩት የለም፤ የሚያስፈራኝ እሱም አይደለም። የቀለም ቀቢውን ዓይን ነው።

አባዬ ምን እንዳለ ጠይቀሽኝ ነበር። ያኔ ያልመለስኩልሽ ረስቼው አይደለም፣ አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም። አልጮኸም። ማሽኑ እየዞረ ነበር፣ እጁን ይዞ ቆመ። ደሙ ሰጋቱራው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሰዎቹ ሲሮጡ እሱ ዞር ዞር አለና እኔን አየኝ። "ልጄን አውጡት፣ ይህን አይይ" አለ። ይኸው ነው ያለው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 19 ቀን

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። መልስ ለማቆየቴ ይቅርታ አልልህም፣ አውቄ ነው ያቆየሁት። "ከወጣሁ በኋላ ምን ሆነ?" ብለህ ስትጠይቅ ትንሽ አፈርኩልህ። ተናግረህ ስትጨርስ በዚያው በር ወጥተህ፣ በዚያው ቀን አውቶቡስ ተሳፍረህ መሄድህን የሰማሁት ከቀለም ቀቢው ነው። እማዬ ቤት ለመድረስ አሥር ደቂቃ መንገድ ነበር የቀረህ።

አንተ ከተቆጣጣሪዋ ጋር ከመግባትህ በፊት የሆነውን አላየህም፤ ከእሱ ልጀምር። የሆቴሉ ሰዎች ሦስት ነበሩ። ባለ ሽቶው ኮቱን አውልቆ ወደ ጠረጴዛው መጣ፣ መከለያውን አየና ሳቀ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"መከለያ ነው፣ አለቃ" አልኩት።

"እንግዶቼ ምላጩን እንዲያዩ እፈልጋለሁ። አውልቂው።"

"አላወልቅም።"

ፈገግ እያለ ወደ እንግዶቹ ዞረ፤ "አባቷም እንዲህ ነበር፣ ግትር። የት እንዳደረሰው ነግሬያችኋለሁ።" ከዚያ ለእኔ ዝቅ አድርጎ፣ "አሁኑኑ አውልቂ፣ አለዚያ ከዚህ ቤት ትወጫለሽ" አለኝ።

"እንግዶቹም እንዲሰሙት ጮክ ብለው ይበሉት" አልኩት። "አንዴ ለወንድሜ ያሉት ይህንኑ ነበር።"

ተቆጣጣሪዋ በሩ ላይ ቆማ እንደሰማች ያኔ አላወቀም። አንተም ከጀርባዋ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃለህ፣ አልደግመውም። ድምፅህ መጀመሪያ ላይ አልወጣ ብሎህ ነበር። ቀለም ቀቢው "ጮክ በል" ባይልህ የምትጨርሰው አይመስለኝም ነበር። ጨረስከው። ያን አልክድህም።

አንተ ስትወጣ የሆቴሉ ሰዎችም ወጡ፤ አንዷ ብቻ ወደኋላ ተመልሳ እጄን ጨበጠችኝ። ባለ ሽቶው ሠራተኛው ላይ ጮኸ። ተቆጣጣሪዋ ቁምሳጥኑን አስከፍታ ወረቀቱን አወጣች፣ የአንተን ስም በጣቷ አሳየችኝ። ቤቱ እስኪወሰን ታሸገ። በሁለተኛው ሳምንት ቢሮው ወሰነ። አሮጌው ወረቀት ተሰረዘ፣ በቦታው ማኅተም ያለበት አዲስ ተጻፈ፤ "አደጋው የደረሰው አሠሪው የማሽኑን መከለያ በማስፈታቱ ነው፤ ሠራተኛው ጥፋት የለበትም።" እሱ ፈርሞ ለቤተሰቡ በእጁ እንዲያደርስ፣ ቤተሰቡ ተቀበልኩ ብሎ ካልፈረመም እሽጉ እንዳይነሳ ታዘዘ።

መጣ። ሰኞ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ልብሱን አጥቦ በሚያሰጣበት ሰዓት። እማዬ በር ላይ ወንበሯን አስቀምጣ ነበር። ወረቀቱን ዘርግቶ፣ "እዚህ ጋ ትፈርሚልኛለሽ" አለኝ።

"አንብበው" አልኩት። አንተ አልኩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ታነቢዋለሽ እኮ።"

"እኔ አነባለሁ። እማዬ ግን ዓይኗ ደክሟል። ጮክ ብለህ አንብብላት።"

ቶሎ ቶሎ አነበበው። የላይኛዋ ጎረቤታችን አንሶላዋን እንደያዘች ቆመች። "አልሰማሁም" አለች እማዬ። ምንም አላልኳትም፣ ከራሷ ነው። ደግሞ አነበበው። "ጥፋት የለበትም" የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ሰለለ። "እሷን መስመር ብቻ" አለች እማዬ። ደገማት። ከዚያ እኔ "ነገ ና፣ እናስብበት" አልኩት። በማግስቱም መጣ፣ አስነበብኩት። ረቡዕም መጣ። ጎረቤቱ ሰዓቱን ለምዶት በረንዳ ላይ ይጠብቀው ጀመር። ረቡዕ ዕለት ፈረምኩለት፤ ጎረቤቱ ሥራ ፈታ እንጂ እኔ አልደከመኝም ነበር።

እሽጉ ተነስቶለታል፣ የሚሠራለት ግን የለም። እኔ ወጥቻለሁ፣ ቀለም ቀቢውም ወጥቷል፣ ሌሎቹም ተራ በተራ። ሆቴሉ ቁምሳጥኑን ሌላ ቦታ አዘዘ። ባለ ሽቶውን ሳገኘው መንገድ ይሻገራል። ደስ ብሎሻል ወይ ብለህ ጽፈሃል። አዎ፣ ብሎኛል። ጠዋት ስነሳ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ "ጥፋት የለበትም" ሲል ድምፁ ይመጣልኛል፣ ተመልሼ ትንሽ እተኛለሁ።

እንግዲህ ከእሱ ጋር ጨርሻለሁ። ከአንተ ጋር አልጨረስኩም።

ለእማዬ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ አንተ አቅም እስክታገኝ አልጠብቅም። ወረቀትህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት። አላለቀሰችም። "ይህን ሁሉ ብቻውን ይዞ ምሰሶ ላይ ይወጣል?" አለች። ከዚያ ተነስታ አልጋህን አነጠፈች፤ እስካሁን እንደተነጠፈ ነው፣ ማንም እንዲቀመጥበት አትፈቅድም። እሷ እንደዚያ ናት። እኔ ግን አባዬን ነው የመሰልኩት ይላሉ፣ አባዬ ደግሞ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር፤ እንግዲህ ማንን እንደመሰልኩ እንጃ።

ቅዳሜ ጠዋት ና። ልብስ በሚሰጣበት ሰዓት። እማዬ ወንበሯ ላይ ትሆናለች፣ ቀለም ቀቢውም ይመጣል፣ ጠርቼዋለሁ። ጽፈህ የላክህልኝን ወረቀት አውጥቼ እሰጥሃለሁ። በሩ ላይ ቆመህ ታነበዋለህ።

ቀስ ብለህ አንብበው። ከዚያ ትገባለህ።

እህትህ